ስም ያልወጣለት ጎረቤት

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ ወይም በሸዋ ቤንች የምትኖሩ ተማሪዎች ከደጃፋችሁ ብዙ ሳትርቁ የቡና ተክል ታገኛላችሁ። ነገ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ የተክሉን ባለቤት አስፈቅዳችሁ አንድ ጠና ያለ ቅጠል ቁረጡና ገልብጣችሁ ተመልከቱት። መካከለኛው ወፍራም ጅማትና ከግራና ከቀኝ የሚወጡት ቀጫጭን ጅማቶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ትታያችኋለች። በሚቀጥለውም ማዕዘን ሌላ አለች። ቅጠሉን መልሳችሁ በላይኛው ገጹ ስታዩት በዚያው ስፍራ ጥቂት እብጠት ይታያል። በዚህ ቅጠል መካከል ተወልዳችሁ አድጋችኋል፤ ፍሬውን ለቅማችኋል፤ ቅጠሉንም አፍልተው የሚጠጡ ጎረቤቶች አሏችሁ። ለመሆኑ ይህችን ጉድጓድ ከዚህ በፊት አስተውላችኋት ታውቃላችሁን?

ጉድጓዲቱ የበሽታ ምልክት አይደለችም። ቅጠሉ ራሱ የሚሠራት ጎጆ ናት። በውስጧም ዓይን አጥርቶ ሊያያቸው የማይችል ጥቃቅን ፍጡራን ይጠለሉባታል። እነዚህ ፍጡራን በሳይንስ ቋንቋ ማይት ይባላሉ። ነፍሳት አይደሉም፤ ነፍሳት ስድስት እግር ሲኖራቸው ማይቶች ግን ካደጉ በኋላ በአብዛኛው ስምንት እግር አላቸው። ስለዚህ የሚቆጠሩት ከሸረሪት፣ ከጊንጥና ከመዥገር ወገን ነው። በቡና ቅጠል ጎጆ ከሚኖሩት መካከል አንዳንዶቹ የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጡትን ሌሎች ማይቶች አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ በቅጠሉ ገጽ ላይ የሚያርፈውን የሻጋታ ዘር ይመገባሉ። እንግዲህ ቅጠሉ ቤት ይሰጣል፤ ተከራዩም በዘበኝነት ይከፍላል ቢባል ከእውነቱ ብዙ የራቀ አይሆንም።

ቋንቋችን ለእነዚህ ፍጡራን ሁሉ አንድ የጋራ ስም አላበጀላቸውም። ከብት ላይ የሚጣበቀውን ትልቁን ዘመዳቸውን መዥገር እንለዋለን። ዶሮን የሚያስቸግረውን ጥቃቅን ተባይ በብዙ ቦታ ቅንቅን ይሉታል። በሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚያሳክከውን ግን በፍጡሩ ሳይሆን በበሽታው ስም እከክ ብለን እናልፈዋለን። ስም የወጣላቸው የጎዱን ብቻ ናቸው ማለት ነው። ያልጎዱንና የሚጠቅሙንማ ስማቸውን የሚጠይቅ ሰው አላገኙም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ አሳብ ማቅረብ ነው። በደናችን ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ፍጡራን ፈልጎ ማግኘት፣ መግለጽና ስም ማውጣት ለሀብታም አገሮች የሚተው የቅንጦት ሥራ አይደለም፤ የእኛ ሥራ ነው። ይልቁንም በደኑ መካከል የሚኖረው ወጣት ሥራ ነው። ይህን አሳብ የማይቀበሉ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ክርክራቸውንም ወደ ኋላ እንመረምረዋለን። አስቀድመን ግን አንድ አዲስ ዝርያ ተገኘ የሚባለው እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

ብዙ ሰው አዲስ ዝርያ ማግኘትን የሚመስለው መንገድ ላይ የወደቀ ገንዘብ እንደማግኘት ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ፍጡሩን ማየት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 አንቶኒዮ ቤርሌዜ የተባለ ጣሊያናዊ የነፍሳት ሊቅ ቀላል መሣሪያ ሠራ። ከደን ወለል ላይ የተዘገነ የረገፈ ቅጠልና አፈር በወንፊት ላይ ተደርጎ ከማንቆርቆሪያ አፍ በላይ ይቀመጣል፤ ሙቀት ሲያገኘው አፈሩ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ይሄዳል። በውስጡ ያሉት ፍጡራን ድርቀቱን እየሸሹ ወደ ታች ይወርዱና ከሥር በተቀመጠው አልኮል ውስጥ ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ቱልግሬን የተባለው ስዊድናዊ በመሣሪያው ላይ የኤሌክትሪክ መብራት ጨመረበት። ዛሬም ይኸው ዘዴ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። አፉ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ፣ ቁራጭ ወንፊትና አንድ አምፖል ያለው የትምህርት ቤት ክበብ ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይመጣል። ማይቱ በአሲድ ውስጥ ቆይቶ አካሉ ብርሃን እንዲያሳልፍ ይደረጋል። በመስተዋት ላይ ተዘርግቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ርዝመቱና ስፋቱ ይለካል፤ በጀርባውና በእግሮቹ ላይ ያሉት ፀጉሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ቅርጻቸውና ቦታቸው በሥዕል ይነደፋል። ቀጥሎም ከዚህ በፊት ከተገለጹት ዘመዶቹ ሁሉ ጋር ይነጻጸራል። እስከ ዛሬ ከሃምሳ ሺህ በላይ የማይት ዝርያዎች ተገልጸዋልና ይህ ማነጻጸር ብቻውን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከሁሉም የሚለይ ሆኖ ሲገኝ ለዝርያው ሁሉ ምስክር የሚሆን አንድ ናሙና ይመረጥና በቤተ መዘክር ይቀመጣል። ስሙም ሁለት ቃላት ያሉት ሆኖ በሳይንስ ጽሑፍ ታትሞ ይወጣል። አንድ ፍጡር ሁለት ጊዜ ስም ወጥቶለት ከተገኘ የሚጸናው የቀደመው ነው፤ የእንስሳት ስም አቆጣጠርም የሚጀምረው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በዚህ ሥራ ግን ስምን የሚያወጣው ደክሞ የተመለከተ፣ ቆጥሮ የጻፈ ሰው ነው።

በቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ማይት መናገር ምን አመጣው የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። አዲስ ዝርያ የሚታወቀው በድርሰት ነው። ፍጡሩ በቤተ መዘክር ቢቀመጥም በጽሑፍ ካልተገለጸ ለሳይንስ እንደሌለ ይቆጠራል። ለምሳሌ አንድ ሰው ስለ አንዲት የንብ ተባይ ሲጽፍ፣ «እጅግ ትንሽ፣ አስቀያሚና ክፉ የሆነች ፍጡር ናት» ቢል ስለ ራሱ ስሜት እንጂ ስለ ተባዪቱ አንዳች አልነገረንም። ሌላው ደግሞ፣ «ቀለሟ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ፣ አካሏ ጠፍጣፋ፣ ስፋቷ ከርዝመቷ የሚበልጥ፣ ርዝመቷ ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት የሚያልፍ፣ ስፋቷ 1.6 ሚሊሜትር ያህል የሆነ፣ ስምንት አጫጭር እግሮች ያሏት ናት» ቢል ተባዪቱን አይተናት የማናውቅ ሰዎች እንኳ ቀፎ ከፍተን ልንለያት እንችላለን። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎች ክርክር እንመለስ። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፤ «ገበሬው የቡና ዋጋ ወርዶበት፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ሳለ የማይት ፀጉር መቁጠር ምን ይጠቅማል?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከላይ በምሳሌነት የጠቀስኳት የንብ ተባይ ግን የራሷ ታሪክ ያላት እውነተኛ ፍጡር ናትና እርሷ ራሷ ትመልስልን።

እ.ኤ.አ. በ1904 ኦውደማንስ የተባለ የኔዘርላንድ ሊቅ ከጃቫ ደሴት የመጣ አንድ ማይት ገለጸ። ማይቱ የተገኘው በእስያ ንብ ላይ ነበር። ስለ ንብ በጻፈው በጥንቱ ሮማዊ በቫሮ ስምና ናሙናውን በሰበሰበው በያኮብሰን ስም ቫሮዋ ያኮብሶኒ ተባለ። የእስያ ንብ ከዚህ ተባይ ጋር ለብዙ ዘመን ኖሯልና ራሱን መከላከል ያውቅበታል። በኋላ ግን የእኛ ንብ ዘመድ የሆነው የምዕራቡ ንብ ወደ እስያ ተወሰደ፤ ተባይም ወደ እርሱ ተሻገረና በንግድና በንብ ዝውውር አውሮፓንና አሜሪካን አዳረሰ። መድኃኒት ያልተደረገለት ቀፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠፋ ጀመር። ሊቃውንቱም ያ በጃቫ የተገለጸው ማይት ነው ብለው በዚያው ስም እየጠሩ ያጠኑት ነበር።

ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበረ። የጃቫው ማይት በምዕራቡ ንብ ቀፎ ውስጥ ሲገባ አይራባም ነበር። አንድ ዝርያ ከሆነ በአንዱ አገር ጨራሽ፣ በሌላው አገር መካን የሚሆነው ለምንድን ነው? በአውስትራሊያ የሚሠሩት ዴኒስ አንደርሰንና ጆን ትሩማን ማይቶቹን ከልዩ ልዩ አገሮች ሰብስበው አካላቸውን ለኩ፤ የዘር ቅንጣታቸውንም መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጽሑፍ ንብ እየጨረሰ ያለው ማይት ኦውደማንስ የገለጸው እንዳልሆነ አስረዳ። ይህኛው ተለቅ ያለ፣ ወደ ጎን የበለጠ የተለጠጠ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ ነበር። ስሙንም ቫሮዋ ዴስትሩክቶር፣ ይኸውም አጥፊው ቫሮዋ፣ አሉት።

አስተውሉ! ዓለም አንዱን ተባይ በሌላው ተባይ ስም ሲጠራ ኖሮ ስሕተቱ የታረመው ከመጀመሪያው ገለጻ ከ96 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሁሉ ስለ አንደኛው የተጻፈው ለሌላኛው እየተቆጠረ ነበር። በተሳሳተ ስም የተጠራ በሽታ በተሳሳተ መንገድ ይታከማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ በሽታውን በሌላ ስም የጠራውም ዕጣው ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ይህ ነገር ለቤንችና ለሸካ ሰው ሩቅ አይደለም። በደናችን በረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ለብዙ ቤተሰብ የልብስ፣ የጨውና የትምህርት ቤት ወጪ መሸፈኛ ናቸው። ቫሮዋም እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በትግራይ፣ መኖሩ ተረጋግጧል። አንድ ቀን በቀፏችሁ አጠገብ ክንፏ የተጨማደደ፣ መብረር ያቃታት ንብ ብታገኙ፣ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ አይቶ በትክክል የሚለይ ሰው በመንደራችሁ ይኖራል? ቢኖር የማር ምርቱ ይተርፍ ይሆናል፤ ባይኖር ግን ወሬው የሚሰማው ቀፎው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ማይት መቁጠር እንግዲህ ከዳቦ ጋር የሚጣላ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ክርክር፣ «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እነርሱ መሣሪያው አላቸው» የሚል ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ በቡናችን ስም ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለቡናችን ስም ሲያወጣ ኮፊያ አራቢካ፣ ማለትም የዓረብ ቡና፣ ብሎ ጠራው። የዚህ ቡና የተፈጥሮ ቤት ግን በዋናነት የእኛ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ተክሉ በአውሮፓ የታወቀው በየመን በኩል ስለነበረ የቀረበው ስም ቀረለት። በቡና ስም የተጠራው ቀዩ ማይትም እ.ኤ.አ. በ1861 የተገለጸው ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው በሴሎን የቡና እርሻ እንጂ በቡና አገር አይደለም። ማንም በክፋት አላደረገውም። ስም የሚወጣው የሚመለከት ሰው ካለበት ስፍራ ነው፤ እኛ ደግሞ አልተመለከትንም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር የለም። እጃችንን ባስገባንበት ሁሉ ውጤት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን የዕፅዋት ሊቃውንት የአገራችንን ዕፅዋት በሙሉ ገልጸው ለመጻፍ ተነሡ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎችን የያዘ ባለ ስምንት ቅጽ መጽሐፍ ሆነ። ከደራሲዎቹ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ንብ ከሌሎች አገሮች ንቦች የሚለይ መሆኑ ተገልጾ ንዑስ ዝርያው በሰሜን ተራራ ስም ሲሜንሲስ ተባለ። በማይትም ረገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከኢትዮጵያ የተገኙ ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች በጽሑፍ ተገልጸዋል። የረገፈ ቅጠልን እየፈጩ ወደ አፈርነት ከሚመልሱት ወገን ናቸው። ጽሑፉን ካዘጋጁት መካከል ከሩሲያዊው ከሰርጌ ኤርሚሎቭ፣ ከካናዳዊውና ከአሜሪካዊቷ ሊቃውንት ጋር፣ የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች በማጥናት የታወቁት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይገኙበታል። ከውጭ ሊቅ ጋር መሥራት ነውር አይደለም። ነውሩ ሁልጊዜ ናሙና አቅራቢ ብቻ ሆኖ መቅረት ነው። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሕይወት ሀብቷ ያለ ፈቃድ ተወስዶ እንዳይወጣ ደንግጋለች። ሕግ ግን በር ይጠብቃል እንጂ በቤት ውስጥ ያለውን አይቆጥርም። መቁጠሩ የእኛ ፈንታ ነው።

ሦስተኛ ክርክር የሚያቀርብልኝ ሰው ባይኖር እኔ ራሴ አቀርበዋለሁ። «ታዲያ ምን ያስቸኩላል? ማይቱ የትም አይሄድ» ሊባል ይችላል። ይሄዳል። የደን ማይት በእግሩ አገር ለቆ የሚሰደድ አይደለም። የጥላው ዛፍ ሲቆረጥ፣ የወደቀው ቅጠል ሲቃጠል፣ መሬቱ በፀሐይ ሲደርቅ በዚያው ያልቃል። በአንድ ሸለቆ ብቻ የሚኖር ዝርያ ከሆነ ደግሞ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። በዋንዛና በቀረሮ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና የሚያሳድገው ፍሬ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ያልጠየቅነውን ጎረቤት ሁሉ ያኖራል። ዛፉ ሲቆረጥ ጣውላው ይቆጠራል፤ ዋጋውም ይጻፋል። ከጣውላው ጋር የጠፋውን ግን ስም የለውምና በኪሳራ መዝገብ የሚያሰፍረው የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከእናንተ የሚፈለገው ምንድን ነው? ነገውኑ አዲስ ዝርያ አግኙ አልላችሁም። እንዲያውም ለእናንተ አዲስ የመሰላችሁ ፍጡር ቀድሞ የተገለጸ ሊሆን ይችላልና ለስም አትቸኩሉ። የችኮላ ስም ከቫሮዋ ታሪክ እንዳየነው ለሌላው ሰው የመቶ ዓመት ሥራ ይተዋል። ከእናንተ የሚፈለገው ደብተር ከፍቶ መጀመር ነው። ያገኛችሁበትን ቀን፣ ቦታ፣ ተክሉንና የቅጠሉን ገጽ ጻፉ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የመሰላችሁን ካያችሁት ለዩ። ቁጥር ባለበት ቦታ «ብዙ» አትበሉ፤ ልክ ባለበት ቦታ «ትንሽ» አትበሉ። አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ በቋንቋቸው ለፍጡሩ የሚሰጡት ስም ካለ እርሱንም መዝግቡ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በደጃችሁ ነው፤ በቴፒም የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በሥርዓት የተጻፈ ደብተር ይዞ የሄደን ተማሪ አስተዋይ መምህር አይመልሰውም።

ቡናችን በሌላ አገር ስም ሊጠራ የቻለው ስም በሚወጣበት ሰዓት እኛ በስፍራው ስላልተገኘን ነው። ያ አልፏል፤ አይለወጥምም። በቅጠሉ ሥር ያለው ፍጡር ግን ገና ስሙን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን የሚዛን ወይም የሸዋ ቤንች ስም በሁለት ቃላት መካከል ገብቶ በዓለም ቤተ መዘክሮች እንዲነበብ የሚያደርገው ሰው፣ ምናልባት ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ተቀምጦ ይህን ገጽ የሚያነብ ይሆናል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቅጠሉን መገልበጥ አትርሱ።